ሽማግሌ ያስላከኝ ዓሣ

ዓሣ አጥማጅ ትሆኛለሽ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስቄ ሳልጨርስ ከቤቴ አስወጣው ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ታይፕ ጸሐፊ የነበርኩ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ካላደረግሁ ደጅ የማልወጣ ሴት ነኝ። ውሃ ማለት ለእኔ ከቧንቧ የሚወርደው ነው። ዓሣ ማለት ደግሞ በጾም ሆቴል ተገብቶ በሎሚ የሚበላ ጥብስ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ አስቤውም አላውቅ። ይኸው እኔው ነኝ እንግዲህ ለንደን፣ ቶተንሃም ሰፈር ከገባሁ በኋላ ጉልበቴ ድረስ የጎማ ጫማ አጥልቄ፣ ትል በጣቴ ይዤ፣ ጭቃ ውስጥ የቆምኩት። ባሌ እስከ ዛሬ ሲያወራው አያልቅበትም።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ እንደገና ተለጥፎ ነው። እናቴ "ሁላችንም ደኅና ነን፣ አንቺ ብቻ አታስቢ" ብላ ታስጽፍልኛለች፤ አታስቢ ስትለኝ ደግሞ ይብስብኛል። የምሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር፤ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ባሌ የሆቴል ወጥ ቤት ስለሚሠራ ቅዳሜ እሱ ቤት የለም። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በጠዋት ተነሥቼ የሕንጻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ፖስተኛውን እጠብቃለሁ።

የምንኖረው ካውንስል የሚሉት የሰፈሩ አስተዳደር በሰጠን ፍላት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንድ እንግሊዛዊ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣቸውም። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን እኚህን ሰው በልቤ አንተ ብያቸው አላውቅም፣ ዛሬም አልልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም ዘንግና ባልዲ ይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ፤ እኔም እግሬን ሰብሰብ አድርጌ አሳልፋቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ አልፈውኝ ከሄዱ በኋላ ተመለሱ።

"ስንት ቅዳሜ ሆነሽ እዚህ ስትቀመጪ?" አሉኝ።

"ደብዳቤ እየጠበቅሁ ነው" አልኳቸው።

"ብትቀመጪም ባትቀመጪም ደብዳቤው በበርሽ ቀዳዳ ይገባል። እኔ ደግሞ ቫኔ ውስጥ ባዶ ወንበር አለኝ።"

ከአፋቸው ይህን ያህል ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ምን ቆርጦኝ ነው ከማላውቀው ሰው ጋር የምሄደው ብዬ እያሰብኩ ባልዲያቸው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ብመለከት ትል ነው! የጣቴን ያህል የወፈረ፣ የሚርመሰመስ ትል። በስመ አብ ብዬ ስጮህ ደረጃው ሁሉ ተናጋ። ሰውዬው ሳቁ። ያን ሳቅ ሳይ እንዲያው ልቤ ቀለለኝ። ሮጬ ወጥቼ ለባሌ "ከታች ካሉት ሰውዬ ጋር ባሕር ሄጃለሁ፣ ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው" ብዬ ወረቀት ጻፍኩና ወረድኩ። ጫማዬን እንኳ አልቀየርኩም።

የሄድነው የቴምዝ ወንዝ ከባሕር ወደሚገናኝበት፣ ከለንደን በስተምሥራቅ ነው። እኔ ባሕር ሲሉኝ ሰማያዊ ነገር ጠብቄ ነበር። ጭቃ ነው። አመድ የመሰለ ውሃ፣ ከላዩ አመድ የመሰለ ሰማይ፣ ከመካከል የሚቆርጥ ብርድ። ተረከዜ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጎረቤቴ ምንም ሳይናገሩ የሟች ሚስታቸውን የጎማ ጫማ ከቫኑ አውጥተው ሰጡኝ። ልክክ አለልኝ።

እሳቸው የሚያጠምዱት ባስ የሚባለውን ዓሣ ብቻ ነው። ብርማ ነው፣ ጀርባው ላይ እሾህ ያቆማል፣ እንደሳቸው አባባል ከዓሣ ሁሉ ብልጡና ኩሩው እሱ ነው። ሌላ ዓሣ ቢይዙ ይቅርታ የጠየቁት ያህል አድርገው ወደ ውሃው ይመልሱታል። ባስ ባሕሩ ሲሞላ ከውሃው ጋር ወደ ዳር ይመጣል፤ ሲሸሽ አብሮ ይሸሻል። ስለዚህ ሰዓቱን ማወቅ ነው፣ ውሃው ዳር ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ ማወቅ ነው፣ ከዚያ ዝም ማለት ነው። ይህ ዝም ማለት የሚሉት ነገር ለእኔ ከሁዳዴ ይከብዳል። ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራ አለቃዬ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሳወራላቸው ቆይቼ "ዓሣው ይሰማሻል" ሲሉኝ ተናደድኩ። ዓሣ አማርኛ በሚመስል እንግሊዝኛ ምን ሊገባው ነው?

የዚያን ቀን ምንም አልያዝንም። ስንመለስ ግን ስለ ደብዳቤ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው ገረመኝ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የእኛ ሆነ። ስንት ጉድ አየሁ መሰላችሁ! መጀመሪያ ዘንጉን ስወረውር መንጠቆው የራሴን ኮት ያዘ። ሁለተኛው ሳምንት የያዝኩት የባሕር አረም ነው። ሦስተኛው ሳምንት ክሩ ከበደኝ፣ ጎተትኩ፣ ጎተትኩ፣ ብቅ ሲል እባብ! ዘንጉን ጥዬ እስከ ቫኑ ድረስ ሮጥኩ። ለካስ እሱም ዓሣ ነው፣ ረጅም ዓሣ፤ ጎረቤቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። ሸርጣን ነከሰኝ፣ ዝናብ ደበደበኝ፣ አፍንጫዬ ቀላ። ባስ ግን የለም። እሳቸው ከጎኔ ቆመው ይይዛሉ፤ እኔ በዚያው ውሃ፣ በዚያው ትል፣ ምንም።

እልህ ያዘኝ። እኔ ደግሞ እልህ ከያዘኝ ማን ይችለኛል። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ከሕንጻችን ጀርባ ካለው የኳስ ሜዳ ላይ መንጠቆ የሌለው ዘንግ ይዤ መወርወር ተለማመድኩ። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ያየኛል፤ አብዳለች ይበሉኝ ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሹካ በመሰለ መቆፈሪያ ጭቃ ቆፍሬ ትል ማውጣት ለመድኩ፤ ያ ያስጮኸኝን ትል ማለቴ ነው። ቅርፊቱን ሊጥል የደረሰ ሸርጣን ከትል እንደሚበልጥ፣ ባስ ከሩቅ ሸቶት እንደሚመጣ ተማርኩ። ሥራ ቦታ አንሶላ እያጠፍኩ በመስኮት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አያለሁ። የባሕሩን መሙያ ሰዓት የሚናገረውን ወረቀት ከቤተ ክርስቲያን ካላንደራችን አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ቀን ባሌ "ዛሬ ሚካኤል ነው ገብርኤል?" ብሎ ቢጠይቀኝ "ዛሬ በአራት ሰዓት ይሞላል" ብዬ መለስኩለት። ሰውዬው ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

"አግብቼ የመጣሁት ታይፕ ጸሐፊ ነበር" አለ። "ማን ነው የለወጠብኝ?"

አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ዘንጌ ጫፉ ሁለት ጊዜ ቶክ ቶክ አለ። ከዚያ በአንዴ ጎበጠ። ጎረቤቴ "ቀስ፣ ቀስ፣ አትጎትቺ፣ ይሂድ" ይሉኛል፤ እኔ "መጣ! መጣ!" እያልኩ በአማርኛ እጮሃለሁ። ከውሃው ሲወጣ ብር ነው፤ ብርማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እሾሁን ያቆመ ባስ! አንድ ዓመት ተኩል ለምኜ ያገኘሁት ባስ። ዝናብ ላይ ዘለልኩ፣ እልል አልኩ። ከወዲያ ማዶ የነበሩ አጥማጆች ዞረው አዩኝ።

ጎረቤቴ መለኪያቸውን አውጥተው አጠገቡ አስተኙት። አጠረ። ከሁለት ጣት በማይበልጥ ልክ አጠረ።

"አላደገም። መልሺው" አሉ።

"ምን?"

"ሕጉ ነው። ሕግ ባይሆንም አላደገም። መልሺው።"

ይህን ሲሉ የራሳቸው ዘንግ ጎበጠና ወደዚያው ሮጡ። እኔ ዓሣውን ታቅፌ ቀረሁ። እንዴት ነው የምመልሰው? እኛ ቤት እግዚአብሔር የሰጠውን ምግብ መሬት ላይ ቢወድቅ እንኳ አንስተን ስመን እንበላለን፤ እንዴት ብዬ ነው ወደ ውሃ የምወረውረው? ባሌስ ምን ይለኛል? አንድ ዓመት ተኩል ስቆበታል፤ ዛሬ ይዤ ነበር፣ ለቀቅሁት ብለው ያምነኛል? ዐይኔን በጨው አጥቤ ዓሣውን በሻርፔ ጠቀለልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ይህ አልበቃኝ ብሎ፣ አፈር ልብላና፣ አንድ ድንጋይ አንስቼ ውሃው ላይ ጣልኩ፤ ጮቅ ሲል እንዲሰሙት።

ጎረቤቴ ከሩቅ ሰሙት። "ጎበዝ!" ብለው አውራ ጣታቸውን አነሡልኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቦርሳዬ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ። በክንዴ ጫን አልኩት። ሁለተኛ ጊዜ ዷ ዷ አለ። ቫኑን ዳር አስይዘው አቆሙ። ቦርሳውን ከፈትኩት፤ ምን ልሁን? ሻርፑን ገለጥ አድርገው ዓሣውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። መቆጣት አይደለም፤ ተቆጥተው ቢሆን በወደድኩ፣ እኔም እቆጣ ነበር።

"ይህኛው ማደግ ነበረበት" አሉና ነዱ። እስከ ቶተንሃም ሌላ ቃል አልተናገሩም። ደረጃው ላይ ስንለያይ "ቅዳሜ" ሳይሉኝ ገቡ።

ባሌ ዓሣውን ጠበሰው። ሦስት ጉርሻ አይሆንም። አልወረደልኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለብሼ፣ ሸርጣኔን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አልወጡም። ብወርድ ቫኑ የለም፤ እኔ ሳልነሣ ሄደዋል። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በራቸውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማኛል፣ በሩ ግን አይከፈትም። ደሜ ፈላ። ለአንዲት ጣት ለማታክል ዓሣ! ከዚያ ደግሞ ያ "ጎበዝ" ያሉት አውራ ጣት ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ፊቴን እሸፍናለሁ። ቅዳሜ እንደ ቀረብኝ ሌላ ነገር ቀርቶብኝ አያውቅም። ባሌ እንኳ መቀለዱን ተወ።

ጥቅምት ላይ የሀገራችን ድርቅና ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ሳምንት ማንኛችንም ሰው አልነበርንም። ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን አለቀስን፣ ልብስና ምግብ ሰበሰብን። በሥራ ቦታዬ ሰዎች እጄን እየያዙ ያዝናሉ፤ አንዳንዷ ሳንድዊች ትሰጠኛለች። በዚያው ሰሞን ደረጃ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ሰላም ልል አፌን ስከፍት ፊታቸው ቀላ፣ ዐይናቸውን መሬት ጣሉ፣ "አዝናለሁ" ብለው በአጠገቤ ሾልከው ሄዱ። ተጸየፉኝ ማለት ነው አልኩ። አንድ ጠዋት ደግሞ በራችን ላይ በካርቶን የታሸገ ምግብ ተቀምጦ አገኘን፤ ባቄላ፣ ሰርዲን፣ ሾርባ። ከማን እንደሆነ አልተጻፈበትም። ለሀገራችን መዋጮ ሰው ያስቀመጠው ነው ብለን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ካርቶን መጣ፤ እሱንም ሰጠነው።

ኅዳር ሲገባ አልቻልኩም። ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው አዲስ አበባ ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ስቶክዌል ሱቅ በር የሚጠብቁ፣ ሱፍ ሳይለብሱ የማይታዩ ሰው ናቸው።

"አባባ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ" አልኳቸው።

"ከባልሽ ተጣላሽ?"

"ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር ነው።"

"በምን?"

"በዓሣ።"

ዳኛው አልሳቁም። ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው አጠለቁና "ከመጀመሪያው ጀምሪ" አሉኝ። ስጨርስ "ድንጋዩን መወርወርሽ ነው ከሁሉ የከፋው" አሉ። "ዓሣው ስርቆት ነው፤ ድንጋዩ ግን ማታለል ነው። በይ፣ ደንቡ ይፈጸማል።"

ሦስት ሆነው መጡ። ዳኛው፣ አንድ ቄስ፣ እና ካሌዶኒያን ሮድ የሚኖሩ አሥመሬ ካቶሊክ ሽማግሌ፤ እኚህ ምድር ባቡር ጸሐፊ የነበሩና አማርኛቸው ከእኔ የሚያምር ናቸው። ዳኛው ደረጃው ሥር ሲደርሱ "ድንጋይሽ የት አለ?" አሉኝ። እውነትም፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ቶተንሃም ውስጥ ድንጋይ ከየት አባቴ ላምጣ? ከሕንጻው ጀርባ የወዳደቀ ጡብ አገኘሁ። እሱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከሦስቱ ኋላ ቆምኩ።

ዳኛው አንኳኩ። ጎረቤቴ በሩን ከፈቱ። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ ቄስ መስቀል ይዘው፣ ሁለት ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከኋላቸው ጎረቤታቸው ጡብ ይዛ።

ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። መጀመሪያ ጡቡን አዩ፣ ከዚያ መስኮታቸውን አዩ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም ጌታዬ" አሉ ዳኛው በፍርድ ቤት እንግሊዝኛቸው። "ለእርቅ ነው የመጣነው።"

ግቡ አሉን፣ ገባን። ተቀመጡ አሉ፤ ማንም አልተቀመጠም። ሻይ አፈሉ፤ ማንም አልነካም። ሰውዬው ግራ ተጋቡ፤ አንዱን ወንበር ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ይገፋሉ።

"አንቀመጥም" አሉ አሥመሬው ሽማግሌ በትሕትና። "ልመናችንን እሺ ካላሉን አንቀመጥም፣ ሻይዎንም አንቀምስም። የአገራችን ደንብ ነው።"

"እሺ ምኑን ነው የምለው?"

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። "ጥፋትሽን ታምኛለሽ?"

"አምናለሁ። ትንሹን ዓሣ ሰረቅሁ። ድንጋይ ወርውሬ አታለልኩዎት። 'ጎበዝ' ሲሉኝም ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጡቡ ከበደኝ፤ ትከሻዬን ቆረጠኝ።

"እባክሽ ጡቡን አስቀምጪ" አሉኝ ጎረቤቴ።

"ይቅር ካላሉኝ አላስቀምጥም።"

"ምን አድርገሽኝ ነው ይቅር የምልሽ?" ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔ አይደለሁም ወይ ጥፋተኛው? ከተራበች ሴት እጅ ዓሣ ልነጥቅ ነበር። ዓመት ተኩል ሙሉ አጠገቤ ቆመሽ አንድ ጊዜ አላሰብኩም። ቴሌቪዥኑን ሳይ ነው የገባኝ። ለዚህ ነው ያንን ትንሽ ዓሣ የደበቅሽው። ከዚያ ወዲህ በምን ፊቴ ልይሽ? ካርቶኖቹን በርሽ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንኳኳት አቅቶኝ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ብው አልኩ።

"እኔ? እኔ ርቦኝ?" አልኩ ጡቡን እንደተሸከምኩ። "ባሌ ወጥ ቤት ነው የሚሠራው! ቤቴ ሥጋ በድስት ነው የሚያድረው! በየቅዳሜው ዳቦ ጠቅልዬ ያመጣሁልዎት እኔ አይደለሁም? ራበኝ ብዬ ነው እንዴ ዓመት ተኩል ብርድ ውስጥ የቆምኩት?"

"ልጄ" አሉ ቄሱ፣ "ለማስታረቅ ነው የመጣነው።"

ቀና ብዬ ጎረቤቴን ሳያቸው ዐይናቸው እንባ ሞልቷል። ሁለት ወር ሙሉ ይጸየፉኛል ያልኳቸው ሰው፣ ለእኔ ጡረታቸውን በሰርዲን እየጨረሱ ነበር። አንጀቴን በሉት። ጡቡን ምንጣፋቸው ላይ አስቀመጥኩና አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። አሥመሬው ሽማግሌ መሐረባቸውን ለማን እንደሚሰጡ ግራ ገባቸው።

"ታዲያ ካልራበሽ" አሉኝ ጎረቤቴ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ "ለምን ወሰድሽው?"

"የመጀመሪያዬ ነዋ!" አልኩ። "በጣም ወደድኩት።"

እስኪ እዩኝ። ያን ያህል ወር ስጨነቅ ይህን አንድ ቃል መናገር ነበር ያቃተኝ። ጎረቤቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ ነገር በደንብ የገባቸው ይመስላል።

ዳኛው ግን አልጨረሱም። "እርቅ ያለ ካሳ አይጸናም" አሉ። "ተበዳይ ካሳዎን ይናገሩ።"

ጎረቤቴ ካሳ አልፈልግም ቢሉ ዳኛው ወይ ፍንክች አሉ። ሰውዬው አገጫቸውን አሻሹ።

"እንግዲያው አንድ ትልቅ ባስ በገዛ እጇ ይዛ ትስጠኝ" አሉ። "እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።"

"እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች" ብለው ዳኛው ቃል በቃል ደገሙት። "ተቀብለሻል?"

"ተቀብያለሁ!" ስል ድምፄ ሳይታወቀኝ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጡት። ከዚያ ሁሉንም ወደ እኛ ቤት ይዤያቸው ወጣሁ። ባሌ የሚችለውን ሁሉ ሠርቶ ጠበቀን፤ አሥመሬው ሽማግሌ ጎረቤቴን እስኪያልባቸው ድረስ አጎረሷቸው። ሰውዬው ሲወርዱ የደረጃውን ብረት ይዘው ነበር። ርቦኝ እንደማያውቅ ያን ቀን አመኑ።

በእንግሊዝ ክረምት፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ባስ ወደ ጥልቁ ባሕር ስለሚሄድ እኛ ቅዳሜን በእሳቸው ወጥ ቤት አሳለፍን። ክር መቋጠር፣ መንጠቆ መሳል አስተማሩኝ። እሳቸውም ሁልጊዜ የተያዘ ዓሣ ሲመልሱ ለምን ሆዱን ይዘው ውሃው ውስጥ እንደሚያቆዩት ነገሩኝ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ነው። እኔ አሁን ስናገር ያዳምጣሉ። እኔም ዝም ማለት ለመድኩ፤ ሁለታችንም ዝም ስንል ደስ የሚል ነገር እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው።

በግንቦት የመጀመሪያው ሞቅ ያለ ቅዳሜ፣ ባሕሩ እየሞላ፣ ሸርጣኔን ውሃው ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ አሳረፍኩት። አልጮህኩም። ጫፉ ቶክ ሲል ቆየሁ፤ ሲጎብጥ አነሣሁት። ይህኛው ሌላ ነበር። የዘንጌን ክር እያስጮኸ ወሰደው፣ እኔ ለቀቅሁለት፣ ተመለሰ፣ ጠቀለልኩ፣ እንደገና ወሰደው። ክንዴ ዛለ። ጎረቤቴ መረብ ይዘው መጡና አጠገቤ ቆሙ፤ አንድም ምክር አልሰጡኝም። ወደ ዳር ሳመጣው ውሃው ላይ በጎኑ ተኛ። ከክንዴ ይረዝማል። እንደዚያ ያለ ዓሣ እሳቸውም ብዙ ጊዜ አይተው አያውቁ።

መለኪያ አላስፈለገም። ከውሃው ዳር ተንበርክኬ ያዝኩት። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሳቅም እንባም ይመጣብኛል።

"ይኸው" አሉ ጎረቤቴ። "ካሳሽን ከፈልሽ።"

ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። ቀና ብል ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል፣ ፈገግም ብለዋል፤ ግን ፈገግታው ከዐይናቸው አልደረሰም። ዞረው ወደ ዘንጋቸው ሄዱና ክራቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ገና ባሕሩ ሞልቶ እንኳ አላለቀ፣ እሳቸው ዕቃ ይሰበስባሉ።

ያን ጊዜ ፍርዱ ትዝ አለኝ። እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እስከዚያ ድረስ።

ዓሣውን አየሁት። ለባሌ፣ ለዳኛው፣ ለቄሱ፣ ለአሥመሬው ሽማግሌ፣ ለሁላችን ይበቃል። መንጠቆውን በቀስታ አወጣሁ። ሁለት እጄን ከሆዱ ሥር አግብቼ ውሃው ውስጥ ያዝኩት። ጉንጩ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አለ። ከዚያ ጅራቱን አንድ ጊዜ መታኝ፤ ፊቴን በጨው ውሃ ሞልቶት ሄደ።

ጎረቤቴ የውሃውን ድምፅ ሰምተው ዞሩ። ባዶ እጄን አዩ። እንደ በፊቱ ድንጋይ ወርውሬ እንደሆነ ብለው ዓሣውን በዐይናቸው ዙሪያዬን ፈለጉት፤ የለም። ሮጠው መጡ።

"ምን ሆንሽ? ምን አደረግሽ?"

"አላደገም" አልኳቸው። "ትንሽ ነበር።"

ባሕሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ፣ ባልዲው ውስጥ እጃቸውን ከተው ትልቁን ሸርጣን መርጠው ሰጡኝ።

"አዎ" አሉ። "በጣም ትንሽ ነበር።"